በጠርሙስ ያሳደግሁት ቆዳ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን፣ በእጄ የነካሁትን ነው የምነግራችሁ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ሚስቴ ዛሬም አለች፤ ስለዚያ ነገር ግን አንድ ቀን አንስተን አናውቅም።

ጊዜው ሐምሌ 1978 ዓ.ም. ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ቦታው ወረታ፣ ከቤቴ ውስጥ መስኮት የሌላት ጓዳ።

አዎ፣ ቀን ነበር። ውጭ ሰው ይተላለፋል፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው የጭነት መኪና ይጮኻል።

ግን ከመጀመሪያው ልጀምር...

የሳይንስ መምህር ነበርሁ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ቀበሌ ለስብሰባ ካልጠራን በቀር ሥራ የለም፤ ጭቃው ከቤት አያስወጣም። በዚያ ሥራ ፈትነት ሁለት ነገር ለመድሁ። ፎቶ ማጠብና መጠጥ መጥመቅ።

ሁለቱንም ያስለመደኝ ጓደኛዬ አዛናው ነው። ሶቪየት ኅብረት ተምሮ የመጣ፣ ለገበሬው የሩዝ አዘራር የሚያሳይ የግብርና ባለሙያ ነበር። ወደ መተማ ሲቀየር ካሜራውን ተወልኝ። አፉ ሰፊ የሆነ አንድ ጠርሙስም ጨመረልኝ።

ጠርሙሱ ውስጥ ስኳር የበዛበት ሻይ አለ። ሻዩ ላይ ደግሞ... አንድ ነገር ተንሳፍፏል።

የወተት ስልባቦት ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው። ግን ጣት ያህል ይወፍራል። ነጣ ያለ፣ የሚያሟልጭ።

«ይኸ ምንድን ነው?» አልሁት።

«የሻይ እንጉዳይ ይሉታል እዚያ አገር። ሻዩን ያኮመጥጠዋል። ለሆድ ጥሩ ነው።»

«ሕይወት አለው?»

«እንደ እርሾ ቁጠረው። በየሳምንቱ ጣፋጭ ሻይ ጨምርለት። አፉን በስስ ጨርቅ እሰረው።» ጠርሙሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ብቻ... አታስርበው።»

አልሳቀም።

ሚስቴ ሸዋነሽ ያኔ የአራት ወር እርጉዝ ነበረች። የበላችው አይረጋላትም። ጠርሙሱን ጓዳ ውስጥ፣ ከፎቶ መድኃኒቶቼ አጠገብ ሳስቀምጥ አፍንጫዋን ያዘች።

«ጣለው! ሰው ሰው ይሸታል።»

እውነቷን ነበር። ከላይ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ከሥሩ ግን ሌላ ሽታ አለ... ከርሞ ያልታጠበ አንገት የሚሸተው ዓይነት።

አንድ ቀን ማስመለሱ ሲጠናባት ግማሽ ኩባያ አቀመስኋት። ማስመለሱ ወዲያው ቆመ።

«ሆዴ ረጋ» አለችኝ። ደስ አለኝ።

በማግሥቱ አንድ ኩባያ ጠጣች። ከዚያ ሦስት። ከዚያ እህል የሚባል ተወች። አምሮት ነው ብዬ አለፍሁት። እርጉዝ ሴት አፈርስ ያምራት የለ?

ጥቂት ነገሮች ግን ይከነክኑኝ ጀመር።

ክረምት ላይ ቤታችን የዝንብ መንጋ ነው። ጓዳዋ ውስጥ ግን አንድም አትገባም።

ጠርሙሱን ስዳስሰው ይሞቃል። እሳት አጠገቡ የለም።

አንድ ቀን ደግሞ ስልባቦቱ ላይ ፀጉር አየሁ። የሸዋነሽ ወድቆበት ነው ብዬ በወረንጦ ያዝሁና ሳብሁት...

አልወጣም።

ቆዳውን ይዞ ተነሣ። ወድቆበት አልነበረም። በቅሎ ነው።

ወረንጦውን ጥዬ ጨርቁን መልሼ አሰርሁት።

አዛናውን በደብዳቤ ልጠይቀው አሰብሁ፤ ፎቶውንም አብሬ ልልክለት። ካሜራውን ወንበር ላይ አደላድዬ ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሣሁት። ጠርሙሱን አልነካሁም። ነፋስም አልነበረም።

በማግሥቱ፣ ያልኋችሁ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ጓዳ ገባሁ። በሩን በብርድ ልብስ ጋረድሁ። የእጅ ባትሪዬን በቀይ ጨርቅ ሸፈንሁና የፎቶ ወረቀቶቹን መድኃኒቱ ውስጥ ነከርሁ።

የመጀመሪያው ፎቶ ቀስ እያለ ወጣ። የጠርሙሱ ጨርቅ ወደ ላይ ተነፍቷል።

ሁለተኛው ወጣ። ጨርቁ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል።

ሦስተኛው... እንደገና ተነፍቷል።

ሦስቱን ጎን ለጎን ይዤ ቆምሁ። ጨርቅ እንዲህ የሚሆነው ሰው አፉ ላይ አድርጎ ሲተነፍስበት ነው።

ያን ጊዜ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

የማኘክ ድምፅ።

«ማን ነው?»

«አትጩህ...» አለችኝ በሹክሹክታ። ሸዋነሽ ናት። ከእኔ በፊት ገብታ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ኖሯል።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ራበኝ።»

ባትሪውን አዞርሁት። ጠርሙሱ እግሯ ሥር ክፍት ነው። ያን ነገር በሁለት እጇ ይዛ ጫፉን ታኝካለች። ለሃጭ የመሰለ ክር ከአገጯ እስከ ጉልበቷ ተንጠልጥሏል።

«ተይው፣ ሸዋዬ!»

«አልችልም... እሱም እኮ ርቦታል።»

ከእጇ ቀማሁት። ሞቃት ነበር። ጫፉ ግን አፏ ውስጥ ቀረ። አገጯን ይዤ በጣቴ ሳብሁ። መጣ... አሁንም መጣ... ስንዝር ሆነ። ክንድ ሆነ። እያሟለጨ፣ ከጉሮሮዋ እየተላቀቀ።

መጨረሻው ሲወጣ አስመለሰች።

ያን ሁሉ ሰብስቤ ጠርሙሱ ውስጥ ከተትሁ፤ ጋቢዬ ሥር ይዤም ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የቁሐር ሚካኤል ሜዳ በእግሬ ሄድሁ። ሐምሌ ላይ ሜዳው ባሕር ነው። ጭቃው እስከ ጉልበቴ እየያዘኝ ገባሁና ውኃው ውስጥ ገለበጥሁት። እንደ ድንጋይ ሰጠመ።

ሸዋነሽ ሁለት ቀን ሙሉ ተኛች። በሦስተኛው ሽሮ ጠየቀች፤ በላችም። ልጃችንም ኅዳር ላይ በሰላም ተወለደ። ጤነኛ ነው፤ ዛሬ እሱም የልጆች አባት ሆኗል።

ግን ልጁ ከመወለዱ በፊት፣ መስከረም ማለቂያ ላይ፣ ጋሽ አንለይ የሚባሉ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ጧት ቤቴ መጡ።

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። አንድ ጊዜ መጥተው ቢያዩልኝ።»

«ምን ገጠመዎት ጋሼ?»

ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማሳዬ... ቆዳ ለበሰ።»

ጋቢዬን ደርቤ ተከተልኋቸው።

ከሌላው ማሳ ውኃው ሸሽቷል። የእሳቸው ላይ ግን ሁለት አውድማ የሚያህል ነገር ተዘርግቷል። ነጣ ያለ፣ የሚያሟልጭ። ከብቶቹ ዙሪያውን ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይልሱታል። የሚያገሣ የለም። የሚሰማው የምላሳቸው ድምፅ ብቻ ነው።

«ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ናቸው» አሉኝ። «ብደበድባቸውም አይሄዱልኝ።»

«እርስዎ ረግጠውታል?»

«ረገጥሁትሳ። አያሰጥምም... ይሞቃል።»

ጠርሙሱን የገለበጥሁት እኔ እንደሆንሁ አልነገርኋቸውም።

ድንገት ከጣና በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ነፈሰ። ሣሩ ተኛ። ከብቶቹ ንቅንቅ አላሉም።

ማሳው ግን... ብርድ እንደ ነካው የሰው ገላ፣ ከዳር እስከ ዳር ችፍ ችፍ አለ።