ሁለት ማሽን በአንድ አድራሻ

መብራት ሲመለስ ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ። ኮምፒውተሮቹ አንድ በአንድ ተነሡ፤ ተማሪዎቹም ወደየወንበራቸው ተመለሱ። አሠልጣኛቸው ግሩም ከፊት ባለው ኮምፒውተር የኢኽላስን ገጽ ለመክፈት ሞከረ። አልከፈት አለው።

«ቅድም ይሠራ አልነበር እንዴ?»

«ይሠራ ነበር፣ ቲቸር» አለች ኢኽላስ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «መብራት እስኪሄድ ድረስ።»

ግሩም እንደገና ሞከረ፤ ገጹ ተከፈተ። ቀጣዩን ሲነካው ደግሞ ቀጥ አለ።

«ነገ ወላጆች ፊት እንዲህ ካደረገን ተዋረድን» አለ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል።

ከኢኽላስ ጎን የተቀመጠችው ዜማ ነገሩ ቶሎ የሚስተካከል መስሏት እጇን አጣጥፋ ታይ ነበር።

ይህ የክረምት ሥልጠና የሚሰጠው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ማዕከል ውስጥ ነው። ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ቢመጣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ግሩም ግን «ኔትወርክ ለመማር ኢንተርኔት አያስፈልገንም» ብሎ ሌላ መንገድ አሳያቸው። እያንዳንዱ ተማሪ በኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር ብቻ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። እነዚህ ማሽኖች በክፍሉ ኬብል በኩል ይነጋገራሉ። ለመነጋገር ግን እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ ሊኖረው ይገባል።

ከሁሉም አምሮ የተሠራው የኢኽላስ ማሽን ነበር። በውስጡ ስለ ጣና ዓሣዎች የሚተርክ ገጽ አለ፤ ፎቶዎቹን ዓሣ አስጋሪዎች ከሚወርዱበት ዳርቻ ሄዳ ያነሣቻቸው ራሷ ናት። ነገ ወላጆች ሲመጡ ገጹን ክፍሉ ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ከፍታ የምታሳየው እሷ እንድትሆን ተወስኗል።

ግሩም ኬብሉን ነቅሎ በሌላ ቀየረ። ለውጥ የለም። «አለህ ወይ?» ብሎ ማሽኑን የሚጠይቀውን ትእዛዝ፣ ፒንግ የሚሉትን፣ ጻፈ። መልሱ ደህና ሲመጣ ቆየና ተቋረጠ፤ ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ተቋረጠ።

«ኬብሉ ቢሆን ኖሮ ጭራሹን አይመልስም ነበር» አለ አገጩን እያሻሸ። «እስኪ ሁላችሁም የየማሽናችሁን አድራሻ እዩልኝ።»

ዜማ ትእዛዙን ጻፈች። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር አየች። ከዚያ አንገቷን ሳታዞር፣ በዓይኗ ብቻ ወደ ኢኽላስ ስክሪን ተመለከተች።

ቁጥሩ አንድ ነበር።

ያለፈው ዓርብ ታወሳት። ለሰኞ ሁሉም የየራሱን ማሽን ሠርቶ እንዲጠብቅ ተነግሯቸው ነበር። ዜማ ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ እንደገና ሞከረች፣ አሁንም አልሆነላትም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት። ሒሳብ ለኢኽላስ የምታስረዳው፣ ፊዚክስ የምታስረዳው እሷ ናት። «አልገባኝም» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ አለ። ኢኽላስ ዙሁር ልትሰግድ ወጣ ስትል ዜማ ማሽኗን በሙሉ ወደ ፍላሽ ገለበጠችው። ቤቷ ወስዳ ስሙን ለወጠች፣ የይለፍ ቃሉን ለወጠች። ሰኞ ክፍል ገብታ አድራሻውን ግሩም ሲጽፍ ባየችው ትእዛዝ ቀየረች። ያ ትእዛዝ ማሽኑ እስኪጠፋ ብቻ የሚያገለግል መሆኑን አላወቀችም። ሳምንቱን ሁሉ ማሽኑን አጥፍታው አታውቅም። ዛሬ መብራት ሄደ፤ ማሽኑም ሲነሣ የድሮውን የኢኽላስን አድራሻ ይዞ ተነሣ።

አሁን ሁለት ማሽኖች ለአንድ ጥሪ «አቤት» እያሉ ነው።

«ሁሉም ትክክል ነው?» አለ ግሩም።

«ትክክል ነው» አሉ ከየአቅጣጫው። ዜማም ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«እንግዲያው ኢኽላስ፣ ማሽንሽን አጥፊውና ከመጀመሪያው እናስነሣው።»

ኢኽላስ አጠፋችው። ከኋላ ወንበር የሀዲስ ድምፅ ተሰማ። ሀዲስ ሁሉ ነገር ላይ ቀልድ የማያጣ ልጅ ነው።

«ቲቸር፣ ለእኔ ተከፈተ እኮ።»

«ማሽኑ ጠፍቶ?»

«ይኸው! ዓሣው፣ ምኑ፣ ሁሉም አለ። ጂኒ ነው እንዴ የሚያበራው?» ተማሪዎቹ ሳቁ። ሀዲስ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ደግሞ አሁንም ‹አንባዛ› ነው የሚለው። አስተካክለሽው አልነበር እንዴ፣ ኢኽሉ?»

ኢኽላስ አስተካክላው ነበር። ሰኞ ዕለት ሀዲስ የዓሣውን ስም አይቶ «አምባዛ ነው እንጂ አንባዛ ምንድን ነው» ብሎ ሙድ ይዞባት፣ ያኔውኑ ነው ያረመችው። ስሕተቱ ያለው ከሰኞ በፊት በነበረው ገጽ ላይ ብቻ ነው።

ኢኽላስ ቀስ ብላ ወደ ዜማ ዞረች። ብዙም አላየቻትም፤ ለአንድ አፍታ ነው። ዜማ ግን ያቺን አፍታ መሸከም አቅቷት ዓይኗን ኪቦርዱ ላይ ጣለች።

«የቆየ ገጽ ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቶ ይሆናል» አለ ግሩም፣ ግን የራሱ መልስ ያላጠገበው ይመስላል።

«አዎ፣ ቲቸር» አለች ኢኽላስ። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «ትናንት ማሽኔን ስነካካው ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት መሰለኝ።»

ዜማ ማንም ሳያያት የራሷን ማሽን አጠፋች። ኢኽላስ የራሷን ስታስነሣ ገጹ በሁሉም ስክሪን ላይ ተከፈተ፤ ፒንጉም ሳያቋርጥ መለሰ። ተማሪዎቹ እፎይ አሉ። ግሩም ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ምክንያቱን ሳናውቅ የዳነ ነገር ነገም ይታመማል። ከማቅረቢያው በፊት መነካካት አልነበረብሽም፣ ኢኽላስ። ነገ በዜማ ማሽን እናቅርብ። ገጹን በፍላሽ ስጫት። የምታቀርበውም ዜማ ትሁን።»

«እሺ» አለች ኢኽላስ።

 

ከትምህርት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሁለቱ እንደ ወትሮው በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ሄዱ። ደንገሉ አጠገብ ሁለት ጭላቶች ተቀምጠው ክንፋቸውን ያደርቃሉ። ከኢኽላስ ጫማ ሥር ጭቃው ጭልቅ ጭልቅ ይላል።

«መቼ ወሰድሽው?» አለች ኢኽላስ በመጨረሻ።

«ያለፈው ዓርብ። ልትሰግጂ ስትወጪ።»

ኢኽላስ ቆም አለችና እንደገና መራመድ ጀመረች። «ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር። አብረን እንሠራው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«አልገባኝም ማለት አቃተኝ። ሁልጊዜ የማስረዳሽ እኔ ነበርሁ። አፈርሁ።»

«እኔ አንቺን ስጠይቅሽ የማላፍር ይመስልሻል?» አለች ኢኽላስ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዜማ የከበዳትም ይኸው ነው።

«ለምን ሸፈንሽልኝ?»

«እኔ እንጃ። ሀዲስ ሲስቅ ሁሉም ወደ አንቺ ሊዞሩብሽ ነው ብዬ ፈራሁ። ከአፌ ወጣ።» የሻሿን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ነገ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ቅዳሜ ገበያ ሱቁን ዘግቶ አያውቅም። አሁን ምን እንደምለው አላውቅም።»

መንታ መንገዱ ላይ ሲደርሱ ኢኽላስ «ደህና እደሪ» ብላ ሄደች። ገጹ ያለበትን ፍላሽ ዜማ እጅ ላይ ትታ ነበር።

ዜማ ወደ ሰፈሯ፣ ወደ ዘንዘልማ፣ በባጃጅ ሄደች። ቤት ስትደርስ እናቷ አገርነሽ ግቢ ውስጥ ልብስ ከገመድ ላይ ታነሣለች። አባቷ አካሉ ሬዲዮ ይሰማል። የፋብሪካ መካኒክ ነው፤ እጁ ሁሌም ቅባት ቅባት ይሸታል።

«እሺ፣ ነገ ምንድን ነው የምታሳዪን?» አላት።

«እኔ ነኝ የማቀርበው» አለች። ለምን እንደዚያ እንዳለች ራሷም አላወቀችም። እውነት ነበር፤ ውሸትም ነበር።

የአባቷ ፊት በራ። ወዲያው ስልኩን አንሥቶ መራዊ ላለችው እህቱ ደወለ። «ልጅሽ ነገ በሕዝብ ፊት ልታስረዳ ነው» ሲል ዜማ ከጓዳ ሰማችው። እራት ቀርቦ ጥቂት ቀማመሰችና ተነሣች።

በማግሥቱ ጧት ክፍሉ ገና ሲከፈት ዜማ ደረሰች። ግሩም ወንበር እየደረደረ ነበር። ዜማ ኮምፒውተሯን አበራች፤ በስሟ የተጻፈው ማሽን ስክሪኑ ላይ አለ። የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ነክታ «ሰርዝ» የሚለውን መረጠች። ሶፍትዌሩ ፋይሎቹ ሁሉ ይጥፉ ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለች። ቦታው ባዶ ሆነ።

«ቲቸር» አለች፣ ከወንበሯ ሳትነሣ። «ትናንት የኢኽላስን ማሽን አድራሻ የተጋራው የእኔ ማሽን ነው። ከኢኽላስ የገለበጥሁት ነው፤ ሳታውቅ። እሷ ምንም አልነካካችም።»

ግሩም የያዘውን ወንበር አስቀመጠ።

«አሁን የታለ?»

«ሰረዝሁት።»

«ሳትሰርዢው በፊት ብትነግሪኝ ሁለቱን አብርተን ለክፍሉ እናሳይ ነበር። ጥሩ ትምህርት ነበር» አለ። ቀጥሎ ያለውን ሲናገር ግን ድምፁ ተለወጠ። «ትናንት ሁላችን ስንለፋ አጠገቤ ተቀምጠሽ ዝም ብለሻል። እሱ ነው ያሳዘነኝ።»

ዜማ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ኢኽላስ ታቅርብ» አለች።

ኢኽላስ አባቷን ጀላሉዲንን አስከትላ ስትገባ ግሩም ወደ ፊት ጠራትና ሁለት ሦስት ቃል ነገራት። ኢኽላስ ወደ ዜማ አየች። ፈገግ አላለችም፤ ፊቷንም አላዞረችም። ቦርሳዋን አስቀምጣ ማሽኗን አስነሣች።

ገጹ በየስክሪኑ ተከፈተ። ጀላሉዲን ልጁ ስትናገር እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሰማ ነበር። ከኋላ ወንበር ሀዲስ አንዴም አልቀለደም።

አካሉ ዘግይቶ ደረሰ። የበዓል ኮቱን ለብሷል። ከፊት የቆመችውን ልጅ አየ፣ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ በወንበሮቹ መካከል ሹልክ ብሎ ዜማ አጠገብ መጣ።

«ያንቺ ተራ ገና ነው?» አላት በሹክሹክታ። ወደ ስክሪኗ ጎንበስ አለ። የኢኽላስ ዓሣዎች እዚያም ይታያሉ። «ይኸ ነው የሠራሽው? አቤት ሲያምር።»

ዝም ብትል ይበቃ ነበር። አባቷ የማን ማሽን የቱ እንደሆነ የሚያውቅበት ምንም መንገድ የለም። ዜማ ገጹን ዘጋችው። ከሥሩ ማሽኗ የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር።

«ይኸ የኢኽላስ ነው፣ አባዬ። የእኔ ቦታ ይኸ ባዶው ነው።»

«ምን ሆኖ?»

ዜማ ከአጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበችለት።

«ቁጭ በል» አለችው። «ከመጀመሪያው ልንገርህ።»