ያልተደገመ ቁጥር

ተራራ የሚባለው አለቃ እንደሚለው፣ ወለተ ሩፋኤል ገጾቹን ሸጣቸዋለች።

በድሩ ከመያዙ በፊት በላከው የመጨረሻ መልእክት ግን ገጾቹን የሸጠ ሰው የለም። «ሳይገዙ እያነበቡን ነው» ይላል። በማግስቱ ሬሳው ከቆቦ በታች ተገኘ።

ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ደሳለ የተላከው ግን እውነቱን እንዲለይ አልነበረም። ገጾቹን እንዲያቃጥልና ሴትዮዋን እንዲያስረክብ ነው።

ደሳለ የሽፋን ስሙ ነው። ላሊበላ ውስጥ የሚታወቀው በገብስ ዘር ተመራማሪነቱ ነው። እማማ ወለተ ሩፋኤል ደግሞ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ የተጻፈባቸው አሥር የወይራ እንጨት ቁራጮች ቅል ውስጥ አሏቸው። አንዱን ሳያዩ ያወጣሉ፤ ቁጥሩን ይጽፋሉ፤ መልሰው ከተው ቅሉን ይንጡታል። የትኛው ማሳ የትኛውን ዘር እንደሚያገኝ የሚወስነው ይህ ዕጣ ነው። ሰው ቢመርጥማ ደህናውን ዘር ለደህናው መሬት ያድላል።

ለሰው የሚታየው ሥራ ይህ ነበር። በድብቅ ደግሞ በዚያው ቅል የሚስጥር መልእክት መቆለፊያ ቁጥሮች ያወጣሉ፤ በቀን አንድ ገጽ። ዋናው እሳቸው ጋር ቀርቶ፣ አንዱ ቅጂ ተራራ ዘንድ፣ ሌላው መሣሪያ አዘዋዋሪዎች መካከል ሰርጎ የገባው በድሩ ዘንድ ይሄዳል። ቁጥሩ በዕጣ እስከወጣ ድረስ ማንም አይፈታውም።

የደሳለ ስልክ ተንቀጠቀጠ።

«ገጾቹ?» አለ ተራራ።

«እጄ ላይ ናቸው።»

«ሴትዮዋስ?»

«ፊት ለፊቴ።»

«አሥር ሰዓት። ነአኩቶ ለአብ መታጠፊያ። ነጭ መኪና። አንተም አብረሃት ግባ።»

አብረሃት ግባ።

ይህ በመጀመሪያው ትእዛዝ ውስጥ አልነበረም።

ሰዓቱ ስምንት ነው። ደሳለ ከማቃጠሉ በፊት በድሩ የመጨረሻውን መልእክት የቆለፈበትን ገጽ ፈለገ። ጥጉ ላይ ቀኑ ተጽፏል፤ ሃያ አንድ። ቁጥሮቹን በጣቱ ተከተለ። ሦስት፣ ስምንት፣ አንድ፣ ስድስት። እስከ ታች ድረስ አንድም ቁጥር ከራሱ ጎን አልቆመም። የሃያን ገጽ አየ። ሰባት ሰባት አለ፤ ዝቅ ብሎ ሁለት ሁለት ሁለት። የአሥራ ሁለትን አየ። ድግግሞሽ የለም። ሃያ ሰባት። የለም።

ዕጣ ቁጥር መድገም አያሳፍረውም። የሚያፍረው ሰው ነው።

«እማማ፣ የሃያ አንዱን በቅሉ አላወጡትም።»

«ማርያም ነበር» አሉ። «በበዓል ቀን ለዓለም ሥራ ዕጣ አልጥልም። ቀላቅዬ ከራሴ ጻፍኩት። ሠላሳ ዓመት ቁጥር ያስተማርኩ ሴት፣ ይህ አያቅተኝም ብዬ።»

ሰው ከራሱ ሲጽፍ ልማዱ እየተመላለሰ ይታያል፤ ልማዱን ያወቀ ቁልፉን ይፈታዋል። ይህን ማንም እንዲያስረዳቸው አላስፈለገም።

«የገደልኩት እኔ ነኛ።»

በድሩ ገጹን ሊወስድ ሲመጣ፣ እናቱ ጀውሀራ ከመርሳ የላከችውን ብርቱካን ይዞላቸው ይመጣ ነበር።

ከሣጥናቸው አንድ ደብዳቤ አወጡ። አምና በበዓል ቀን ገጽ እንደማይኖር፣ ዕጣ እንደማይጥሉ ለተራራ ጽፈው ነበር። መልሱ ከግርጌው በተራራ እጅ ተጽፏል፤ «በዓል አላውቅም። ከየትም አምጪው፣ በየቀኑ አንድ ገጽ ይድረሰኝ።»

ተራራ ያውቅ ነበር።

ነጩ መኪና የሚመጣው ይህን ወረቀት ሊያወጡበት የሚችሉትን ሁለት ሰዎች ሊወስድ ነው።

ደሳለ ገጾቹን ምድጃው ውስጥ አቃጠለ። ቅሉን ራሳቸው ሰበሩት። ከተልእኮው የሚፈጽመው ይህን ብቻ ነው።

በዘር ሙከራው መኪና በጋሸና በኩል ወጡ። መንገድ ላይ እማማ የተናገሩት አንዴ ብቻ ነው።

«የመጣህ ዕለት ነው ያወቅሁህ። ስንዴ ማሳ ዳር ቆመህ ‹ገብሱ አማረ› አልከኝ። አፍሬልህ ዝም አልኩ።»

ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም።

ፍላቂት ሲደርሱ ገበያው እየተበተነ ነበር። ሁለት ሚኒባሶች ቆመዋል፤ አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ወልድያ። ጎንደር የሚቀበላቸው ቤት አለ። በወልድያ መንገድ የተራራ ሰዎች አሉ። ደሳለ መታወቂያውን ቀዶ ጣለ፤ ቁልፉን መኪናው ውስጥ ተወው። ደብዳቤውን ከተራራ በላይ ላለው አለቃ እንደሚያደርስ፣ ከዚያ በኋላ ደሳለ የሚባል ሰው እንደማይኖር ነገራቸው። ሻንጣቸውን አንስቶ ወደ ጎንደሩ ሚኒባስ አመራ።

እማማ ደርሰው ሻንጣውን ከእጁ ወሰዱት።

«እዚያ ቢያገኙዎት አይለቁዎትም» አለ።

«አውቃለሁ። ጀውሀራ ግን ወለተ ሩፋኤል ልጅሽን ሸጠችው ተብላ ነው የምታለቅሰው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ ወልድያ ነኝ፣ ልጄ። መርሳ ወርጄ ፊቷ እቀመጥና፣ አልሸጥኩትም፣ ያስገደለው ግን የኔ እጅ ነው እላታለሁ።»