የጋሽ ልሳነወርቅ አካውንት

ደሴ ላይ ጉም የማይደፍረው ቤት ቢኖር የኢንሹራንስ ድርጅቱ ምድር ቤት ነው። ዓይናዲስ ጠዋት ጠዋት ከኮቷ ላይ እርጥበቱን እያራገፈች ደረጃውን ትወርድና መታወቂያዋን በሩ ላይ አስነክታ ትገባለች፤ የሚቀበሏት የማያባራው የሰርቨሮቹ ማራገቢያ ጉምጉምታ፣ የጋለ አቧራ ሽታና በጨለማው ውስጥ እንደ ድመት ዓይን ብልጭ ድርግም የሚሉ አረንጓዴ መብራቶች ናቸው። ሥራዋ የታወቀ ነው። የመጠባበቂያው ቅጂ በትክክል መቀመጡን ታያለች፣ ቦታ ያጣበቡ አሮጌ ፋይሎችን ታጸዳለች፣ በመጨረሻም ማን ማን ገብቶ እየሠራ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ትቃኛለች። ጎበዝ ናት። ይሉኝታዋ ግን ከጉብዝናዋ ይበልጣል።

ከእሷ በፊት ክፍሉን የያዙት ጋሽ ልሳነወርቅ የሞቱት እዚሁ ነው። መብራት ጠፋ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የበር ቁልፍ እንደተቆለፈ ቀረ፤ በራሱ የሚነሳው ጄኔሬተር ኃይል የሚሰጠው ለማሽኖቹ ብቻ ነበርና በሩን ሳይከፍት ጭሱን በአየር መግቢያው ቁልቁል ለቀቀው። ከሥራ የተለየ ሰው አካውንት በዕለቱ መዘጋት እንዳለበት ዓይናዲስ አሳምራ ታውቃለች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረመስቀል ግን፣ አፈሩ ሳይደርቅ የሰውን ስም ከማሽን መፋቅ ነውር ነው፣ አርባቸው ይውጣ አሉ፤ ሠራተኛውም ደገፋቸው። እሷም አዲስ መጤ ናትና ዋጥ አደረገችው። ስለ በሩ ስትጠይቅ ይቀየራል አሏት። መብራት በጠፋ ቁጥር ጠቅ ብሎ ራሱ ሲከፈትላት ጊዜ፣ ቀይረውታል ብላ ልቧን ጣለች።

ስሙን መጀመሪያ ያየችው በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ በልታ ስትመለስ ነው። ስክሪኑ ላይ ከእሷ ስም ሥር የጋሽ ልሳነወርቅ ስም ቁጭ ብሏል። ሰውዬው የይለፍ ቃላቸውን ለቢሮው ሁሉ እንደ ቆሎ ያደሉ ስለነበር ብዙም አልደነቃትም፤ ቀየረችው። በማግስቱም ገቡ። አንድ ፋይል አይነኩም፣ አንድ ነገር አይጽፉም፤ እሷ ስትገባ ይገባሉ፣ ስትወጣ ይወጣሉ። ከየት እንደሚገቡ ብትፈትሽ ከሌላ ቢሮ አይደለም፤ እሷ ከተቀመጠችበት፣ ጣቶቿ ካረፉበት ኪቦርድ ነው።

ከዚያ ሽታው መጣ። የጋለውን አቧራ ሰንጥቆ የሚወጣ፣ አሁን የተቀነጠበ የሚመስል የጤና አዳም ሽታ፤ ቀጥሎም ከማራገቢያዎቹ ጉምጉምታ ሥር፣ ሰው እንዳይረበሽ ተብሎ በእጅ የታፈነ የሚመስል ደረቅ ሳል። ዘበኛውን አያ ሙሄን ወደ ታች የሚወርድ ሰው አለ ወይ ብትላቸው ሳቁባት። ጤና አዳሙን ስትነግራቸው ሳቃቸው ቆመ።

«ልሳኔ ከኮቱ ኪስ አይለየውም ነበር» አሏት። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ልጄ፣ ይህን ሰውዬ አሰናብቺው።»

ለአቶ ገብረመስቀል ምን ብላ ትንገር? የሙከራ ጊዜዋን ሳትጨርስ አበደች ይሏታል። ፈራች፤ ፍርሃቷን ይዛ አርባውን ጠበቀች።

ተዝካሩ ላይ ድርጅቱ በሙሉ ነቅሎ ወጣ፤ አያ ሙሄም ከእስላም ቤት ማዕድ ተቀምጠው ነበር። አቶ ገብረመስቀል እጃቸውን እየታጠቡ፣ በቃ አሁን አካውንቱን መዝጋት ትችያለሽ አሏት፤ የበሩም ዕቃ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ታገሺን ብለው ጨመሩ። የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አልሰማችም። ሰው ሳይነሳ ወደ ቢሮ ገሰገሰች።

ስሙ ቀድሟት ገብቷል። የመሰረዣውን ትእዛዝ ስትጽፍ የጤና አዳሙ ሽታ ትከሻዋ ላይ ሰው ያጎነበሰ ያህል ከበዳት። ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ሲል ጠየቃት። ጣቶቿን ከኪቦርዱ አንስታ ነበር፤ ፊደሎቹ ግን አንድ በአንድ ወጡ።

«አትዝጊው ልጄ።»

ከፍርሃቷ ይልቅ ግን ንዴቷ በረታ፤ ስንት ቀን ሙሉ በገዛ ሥራ ቦታዋ ስትንቀጠቀጥ ኖራለች!

«ይበቃል ጋሼ፤ አሁን ይረፉ» ብላ ትእዛዙን አጸናችው።

ስሙ ጠፋ። ሽታው፣ ሳሉ፣ ያ ትከሻዋ ላይ የነበረ ክብደት፣ ሁሉም ባንዴ ለቀቃት፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ቀለላት። ወዲያው መብራት ጠፋ።

በሩን ጠበቀች። ጠቅ አላለም። ገፋችው፣ ደበደበችው፤ አቶ ገብረመስቀል እጃቸውን እየታጠቡ ስለ በሩ ያሉት ያን ጊዜ ጆሮዋ ውስጥ ገባ፤ ቁልፉ ካልተቀየረ እስከ ዛሬ የከፈተላት ማን ነበር? ስልኳ ምድር ቤት አይሠራም፤ ድርጅቱ በሙሉ ተዝካር ላይ ነው። ከበላይዋ ጄኔሬተሩ ሲያጓራ ማሽኖቹ እንደገና ተነሱ፤ በአየር መግቢያው በኩልም ሞቅ ያለ የናፍጣ ጭስ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ሳል አጣደፋት፤ አፏን በእጇ ያዘች። ደረቅ፣ የታፈነ ሳል ነበር፤ አወቀችው።

እየተንገዳገደች ወንበሩ ላይ ወደቀችና አዲስ አካውንት ከፈተች። የጋሽ ልሳነወርቅን ስም ከነአባታቸው፣ አንድ ፊደል ሳትስት፣ ያንኑ አሮጌ የይለፍ ቃላቸውን ሰጥታ ጻፈች፤ «ይግቡ ጋሼ፣ አፈር ስሆን ይግቡ» እያለች የገቡትን ሰዎች ደጋግማ ጠየቀች። ማሽኑም በእርጋታ የእሷን ስም ብቻውን አወጣላት፤ በተጠቃሚዎቹ መዝገብ ላይ ከእሳቸው ስም አጠገብ የጻፈላት «ገብቶ አያውቅም» የሚል ነበር።