ደወል የሌለው ብስክሌት

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቅልኝ፣ እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ያልተረጋገጠ ነገር አይዋጥልኝም። እናቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ወደ ባምባሲ ስትመጣ ይዛ ከመጣችው ጓዝ ግማሹ የጅን ወሬ ነበር፣ እሷ ስታወራ ወንድሞቼ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገቡ እኔ «እሺ፣ ማን አየው?» እያልኩ ነው ያደግሁት። ሚስቴማ «አንተ ሰይጣን መጥቶ በር ቢያንኳኳ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ ያቺ ቅዳሜ ጠዋት እስክትመጣ ድረስ እጠይቀው ነበር።

ብስክሌት እወዳለሁ። እወዳለሁ ስልህ ቀላል እንዳይመስልህ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ጣሪያ ተጭና የመጣች ያገለገለች የውድድር ብስክሌት አለችኝ፣ ከልጆቼ ቀጥሎ የምሳሳላት እሷ ናት፣ ክብደቷ እንዲቀንስ ብዬ የጭቃ መከላከያዋን ፈታሁ፣ ማቆሚያዋን ፈታሁ፣ መብራቷን ፈታሁ፣ ጎረቤቴ «መምህር፣ ጎማውንስ መቼ ነው የምትፈታው?» እያለ ያላግጥብኛል። ይላግጥ! ከአሶሳው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ መንደሮቹ የሚገባውን የቀይ አፈር መንገድ በክረምት መውጫ ላይ አይቶት አያውቅም። በቀኝ ማንጎ፣ በግራ ቀርከሃ፣ አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ ጠንክሮ፣ ከጎማህ ሌላ ድምፅ የለም፣ ማሽላ ውስጥ ያለው ገበሬ ቀና ብሎ «ሰላም አለይኩም» ይልሃል፣ አንተም ሳትወርድ ትመልሳለህ። እመነኝ፣ እዚያ መንገድ ላይ ስሆን ሌላ አገር አያምረኝም።

መንገዱ ቁልቁል መውረድ ከመጀመሩ በፊት አፋፉ ላይ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፣ ከሥሩ ዚር የሚሉት የሸክላ የውሃ ጋን በእንጨት መቆሚያ ላይ ተቀምጧል፣ አፉ ላይ ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ጣሳ። ውሃው ለመንገደኛ ነው፣ የሚሞሉት ሼህ ሐሚድ የሚባሉ የአካባቢው የበርታ ሽማግሌ ናቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በየማለዳው በጀሪካን ከምንጩ እያመላለሱ የሚሞሉ፣ እንደሳቸው ያለ ጽኑ ሰው አላየሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮዳዬን ከዚያ ሞልቻለሁ፣ ቆሜ «ይህ ውሃ የማን ነው?» ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እቸኩል ነበራ፣ ሰዓት እየያዝኩ!

አምና አንድ ቀን ሼህ ሐሚድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። የብስክሌት ደወል፣ ያረጀ፣ ግን የተወለወለ።

«መምህር፣ ብስክሌት ጥሩ ነው፣ ደወል የለውም። ይሄ እሰር።»

አመሰገንኩ፣ ጉልበት ሳምኩ፣ ቤት ወስጄ መዘንኩት። ከበደኝ። በዚያ ላይ የኮዳ ማሰሪያዬ ብሎን ጠፍቶብኝ ስለነበር የደወሉን ሆድ ከፍቼ ብሎኑን አወጣሁ፣ ለኮዳዬ አሰርኩት፣ የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ይህን ስነግርህ ዛሬም አፍራለሁ።

እንግዲህ ያቺ ቅዳሜ። ልጄ መቅደስ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ የሷንም ብስክሌት እንደኔው አራቁቼዋለሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ቁልቁለቱ ይዣት ወጣሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጉም መሬት ላይ ተኝቷል። አፋፉ ላይ ስንደርስ ሼህ ሐሚድ ጀሪካናቸውን ዚሩ ውስጥ እየገለበጡ ነበር።

«ይሄ ልጅ ያንተ ነው?» አሉኝ መቅደስን እያዩ። «ማሻአላህ! ጎበዝ ነው!»

እኔ ኮዳዬን መሙላት ጀመርኩ። እሷ ጣሳውን ይዛ ሳትጠጣ ቆመች።

«አባባ፣ ውሃው የማን ነው?»

ሽማግሌው ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡት። «ያሲን» አሉ። «ልጄ ነው። ማንጎ ጭኖ፣ በብስክሌት፣ እዚህ ታች ወደቀ። ብዙ ዓመት ሆነ። ውሃ ለእሱ ሰደቃ ነው። ሰው ጠጣ፣ ዱዓ አደረገ፣ በቃ።»

መቅደስ ጣሳውን በሁለት እጇ ያዘችና «ያሲንን ነፍሱን ይማረው» ብላ ጠጣች። አየህ፣ ሁለት ዓመት ያልጠየቅኩትን እሷ በአንድ ጣሳ። ሼህ ሐሚድ መዳፋቸውን ከፍተው መረቋት፣ ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ደወሉስ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አልኩ፣ ውሸቱ እንዴት እንደቀለለኝ! «አሁን አስረዋለሁ።»

ዞር አልኩና ቦርሳዬን የምፈትሽ መሰልኩ፣ መቅደስ ግን አልጠበቀችኝም፣ ልጅ አይደለች፣ ቁልቁለቱን ስታይ እግሯ አላስቆማት ብሎ «እቀድምሃለሁ አባዬ!» ብላ ተወረወረች። ቀና ስል ጉሙ ውጧት ነበር። ወዲያው ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ ተከተልኳት፣ የሚሰማኝ የሷ ካቴና ብቻ ነው፣ እየራቀ፣ እየፈጠነ። የማውቀው መታጠፊያ ከፊቷ አለ፣ ልጠራት አፌን ከፈትኩ።

ቅጭል፣ ቅጭል።

ሁለት ጊዜ። ደወል። ከታች፣ ከመታጠፊያው ማዶ፣ ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል። ወዲያው የመቅደስ ፍሬን ሲጮህ ሰማሁ፣ ከዚያ ዝም።

ቁልቁለቱን ተወርውሬ ወረድኩት። ስደርስ አንድ እግሯን መሬት አድርጋ ቆማለች፣ ከፊት ጎማዋ አንድ ክንድ አልፎ መንገዱ የለም። ጎርፉ የውሃ መውረጃ ቱቦውን ይዞት ሄዷል፣ ቀዩ አፈር ተቆርሶ የሁለት ሰው ቁመት ገደል ሆኗል፣ ከሥር ውሃው ይጉረመረማል። እቅፍ አደረግኳት፣ አለቀስኩ፣ ምን አስደበቀኝ።

«እንዴት ቆምሽ?» አልኳት በመጨረሻ።

«አንተ ደወልክ እኮ!»

«እኔ?»

«አዎ፣ ከኋላዬ፣ ጆሮዬ ሥር። ደወሉን ያሰርከው መስሎኝ...» አለችና የብስክሌቴን መሪ አየች። ባዶ ነበር። ቀስ ብላ እጄን ያዘችኝ።

እኔ ከፊት ሰማሁ፣ እሷ ከኋላ። ሒሳብ መምህር ነኝ አላልኩህም? ተነስቼ መፈለግ ጀመርኩ፣ ከማዶ የመጣ ብስክሌተኛ ይኖራል ብዬ የተቆረሰውን ዳር ዳሩን ዞሬ ማዶ ተሻገርኩ፣ እርጥብ ጭቃ ነው፣ የወፍ እግር ሳይቀር ይታይበታል፣ የጎማ ፋና ግን አንድም የለም። ወፍ ይሆናል አልኩ፣ እንዲያ የምትጮህ ወፍ ካወቅክ ንገረኝ፣ ከልቤ ነው የምለምንህ።

ሾፌሮች እንደሚያደርጉት ቅጠል ቆርጠን መንገዱ ላይ በተንን፣ ሌላ ሰው እንዳይገባበት፣ ከዚያ ብስክሌታችንን እየገፋን አፋፉ ላይ ወጣን። ሼህ ሐሚድ ያው ዚሩ ጋ ነበሩ። ገደሉን ነገርኳቸው፣ ደወሉንም ነገርኳቸው፣ እሳቸው ምንም አልሰሙም።

«ስንት ጊዜ ነው የመታ?»

«ሁለት ጊዜ።»

ማንጎው ሥር ቁጭ አሉ። ጣሳውን በእጃቸው አገላበጡት።

«ያሲን ሁለት ጊዜ ነበር የሚመታ» አሉ። «እዚህ ሲወርድ። እናቱ ቤት ሆኖ እንዲሰማ። መጣሁ ማለት ነው። ያ ደወል የእሱ ነው፣ መምህር። ሌላ ልጅ የለኝም፣ አንተ ሰጠሁ።»

ያን ጊዜ መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር። ብሎኑን ነግሬ፣ መሳቢያውን ነግሬ፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። ያላሰርኩት የልጃቸው ደወል ለኔ ልጅ እንደተደወለ እያወቁ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጅ ደህና ነው» ብቻ አሉና ጀሪካናቸውን አንስተው ወደ ምንጩ ወረዱ። ትልቅነት ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ደወሉ እንደጣልኩት አለ፣ ሆዱ ባዶ፣ ብሎኑ ኮዳዬ ላይ። ነቀነቅኩት፣ አልተነፈሰም። በዚያው ቀን ብሎኑን መልሼ መሪዬ ላይ አሰርኩት፣ ውስጡ የነበረችውን ምላስ ግን ቤቱን ብገለብጠው አጣኋት፣ ስለዚህ ዛሬም ድረስ አይደውልም። ክብደቱን እንዳለ ተሸክሜው እዞራለሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጀሪካኑን የምንሞላው እኔና መቅደስ ነን። ቱቦው ተሠርቷል፣ መንገዱ ደህና ነው፣ እንደድሮው ያምራል። አንዳንድ ቀን ግን፣ በተለይ ጉም ሲሆን፣ ቁልቁለቱን ስንጀምር ልጄ ከፊቴ ሆና አንገቷን ታዞራለች።

«አባዬ፣ ደወልክ እንዴ?»

እኔ ምንም አልሰማሁም። «አዎ፣ የኔ እናት» እላታለሁ፣ «ፍሬንሽን ያዢ።» እኔም የራሴን እይዛለሁ።