የአይሮፕላን ለገሃር

«ይህን ቃል ማናችሁ ናችሁ የጻፋችሁት?» አሉ መምህር ተክሌ። ሁለት የፈተና ወረቀቶች ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን ዘርግተዋል። በሁለቱም ላይ በቀይ የተሰመረበት አንድ ነው፤ «የአይሮፕላን ለገሃር»።

«እኔ ነኝ ቲቸር። እሷ ከእኔ ገልብጣ ነው» አለች አሰጋሽ ቀድማ። ድምጿ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። አጠገቧ የቆመችው ዳሲቱ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስምንተኛ ክፍል የጂኦግራፊ ፈተና «የአየር መንገድ ማዕከል የት ይሁን? ለምን?» ይል ነበር። የዳሲቱ አባት፣ አቶ መገርሳ፣ የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ናቸው። ለእሳቸው መንገዶች ሁሉ የሚገናኙበት ቦታ ስሙ ለገሃር ነው፣ አለቀ። ልጅቱም ማዕከል የሚለውን ትታ የቤቷን ቃል ጻፈች። ከኋላዋ አሰጋሽ «እባክሽ እህቴ፣ ዘንድሮ ወድቄ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ አባዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ነው የሚከተኝ» ብላ ስትለምናት፣ ወረቀቷን ወደ ዴስኩ ጠርዝ ገፋ አደረገችላት። አሰጋሽም ለገሃሩን ሳይቀር እንዳለ ገለበጠችው። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚባለው ለዚህ ነው።

«እሺ አሰጋሽ» አሉ መምህሩ፤ «ለምን አዲስ አበባ ይሁን አልሽ?»

አሰጋሽ አንገቷን አስግጋ ከወረቀቷ ላይ ልታነብ ስትል መምህሩ በእጃቸው ሸፈኑት።

«ዳሲቱ?»

«አይሮፕላን ቆላ ይስማማዋል ቲቸር። እዚህ ደጋው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ብዙ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። በዚህ በኩል ድሬዳዋ ትሻላለች። ግን አባዬ ሲናገሩ፣ ዱሮ ባቡሩ በእንፋሎት ሲሄድ የሚቆመው ውሃ ባለበት ነበር። በናፍጣ ከሆነ ወዲህ ሰው ያለበትን ይፈልጋል። የሚሳፈረው ሰው፣ ቢሮውም እንግዳውም ያለው አዲስ አበባ ነው። ማኮብኮቢያ ማስረዘም ይቻላል፤ ሰውን ሁሉ ቆላ ማውረድ ግን አይቻልም።»

መምህር ተክሌ ፈገግ አሉ። «የአንቺ ነው። ሳታውቂ ሰርቃሽ ከሆነ ስምሽን ዛሬውኑ ጎበዝ ተማሪ ለሚቀበለው አዳሪ ትምህርት ቤት እልካለሁ። የሰረቀ ግን በደንባችን ይባረራል። አውቀሽ ካሳየሻት ሁለታችሁም ዜሮ ታገኙና ፈተናውን ትደግማላችሁ። ያን ጊዜ ግን የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ዝርዝር ተዘግቷል። የቱ ነው?»

ዳሲቱ ያን አዳሪ ትምህርት ቤት ስታልመው ነው የኖረችው። ከአቃቂ የሚላከው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ባቡሩ በየቀኑ በደጃቸው ያልፋል፤ እሷ ግን ከሳሪስ አቦ ወዲያ ሄዳ አታውቅም። ሰፈሩ ጠቧታል፣ አንድ ክፍል ቤታቸው ጠቧታል፣ ጠዋትና ማታ የሚጮኸው የፋብሪካ ጡሩንባ ሳይቀር የሚጠራው እሷን ይመስላታል። «ሰርቃኝ ነው» ብትል በቃ፣ ወጣች። ደግሞስ ብትዋሽ ምን አለበት? ቅድም ዓይኗን በጨው አጥባ የዋሸችው አሰጋሽ አይደለችም? ከልቧ ጠላቻት።

ፈትል ክፍል የገቡትን የሰፈሯን ልጆች ግን ታውቃቸዋለች። ጸጉራቸው የጥጥ ብናኝ ለብሶ፣ እየሳሉ ነው የሚመለሱት። ወረቀቱን የገፋችው ደግሞ የገዛ እጇ ነው።

«አሳይቻት ነው» አለች።

«ደግመሽ አስቢ ልጄ። ዝርዝሩ የሚሄደው ዛሬ ነው።»

«አስቤበታለሁ ቲቸር። አውቄ ነው ያሳየኋት።»

መምህሩ በሁለቱም ወረቀቶች ላይ ዜሮ ጻፉ።

ግቢው ውስጥ አሰጋሽ እያለቀሰች ከኋላዋ ደረሰች። «ዳሲቱ፣ ደንግጬ እኮ ነው...»

«አሁን አታናግሪኝ፤ ተቃጥያለሁ» አለች ዳሲቱ፣ ዞር ሳትል። ጥቂት ሄዳ ቆመች። «ነገ ግን ደብተርሽን ይዘሽ እኛ ቤት ነይ።»

ከዚያ ብቻዋን ወደ ሐዲዱ ወረደች።