ተዘቅዝቆ ያልታየው ሰው

እኔ በመንፈስ በጥላ የማምን ሰው አልነበርኩም፤ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወሩትን "ሥራ ፈቶች" እያልኩ ስስቅ ነው ያደግኩት፣ ይህን ግን ወዳጄ፣ በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት።

በጣልያን ጊዜ ነው። ቀሐ ወንዝ በሚያልፍባት ከተማችን፣ አራዳ ገበያው አጠገብ፣ አንድ ጣልያን ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ባለቤቱ ሳይኖር፣ ካሣ መጣ። ካሣ አብሮ አደጌ ነው፣ እናቴ ከእኔና ከታላቅ ወንድሜ ከሙላት ሳትለይ ያሳደገችው። ከአንድ ወታደር የገዛውን ከኋላው መስታወት ያለው አሮጌ ተጣጣፊ ካሜራና ሁለት ሌንስ፣ አንድ አጭርና አንድ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም፣ ይዟል።

"ታዬ፣ የትኛው ይሻለኛል?"

"ምን ልታነሣበት?"

"ጥምቀትን። ቀሐ ላይ፣ ሰው ሳያውቅብኝ፣ ከሩቅ ፊቱ ጥርት ብሎ እንዲወጣ።"

ጓሮ ወጥተን ካሣን ግድግዳው ሥር አቆምኩትና የካሜራውን ጥቁር ጨርቅ ተከናነብኩ። መቼም ያ ዓይነት ካሜራ የኋላ መስታወቱ ላይ ሁሉን ነገር ገልብጦ ነው የሚያሳይህ፣ ሰው ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ። በአጭሩ ሌንስ ካሣ ብቻውን ነበር፣ እንደ ደንቡ ተዘቅዝቆ። ረጅሙን ስገጥም ግን፣ እመነኝ፣ ከጎኑ ሌላ ሰው አለ፤ ካሣ ተዘቅዝቋል፣ ግድግዳው ተዘቅዝቋል፣ ያ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ጨርቁን ገልጬ አየሁ፣ ካሣ ብቻ። ተመልሼ ብገባ ሰውየው ጎኑን ሰጥቶኛል፣ ጨርቁ ውስጥም፣ ጆሮዬ ሥር፣ ትንፋሽ ይሰማኛል። የራሴ መስሎኝ አፌን ያዝኩ፤ አላቆመም። ፊቱን ሊያዞር ሲል ሌንሱ ማንም ሳይነካው ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

"ምነው? ምን አየህ?" አለ ካሣ።

"ምንም። ረጅሙ ሸጋ ነው" አልኩት፣ አፍሬ። ድንጋጤዬን ልሸፍን ብዬም ወሬ ቀየርኩ፤ ከአርበኞች ጋር ዱር የገባው ሙላት ለጥምቀት ተደብቆ ሊወርድ እንደሆነ ሹክ አልኩት። ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ሙላትን ከከተማው ወጣ ብሎ ወለቃ መንደር ከተደበቀበት ቤት ያዙት። የያዙት ወታደሮች መልኩን አያውቁትም፣ ፎቶ ይዘው ነው የመጡት። ያንኑ ፎቶ እኛ ቤት አምጥተው አስተርጓሚው እናቴን "ልጅሽ ነው?" አላት። ፎቶው ላይ ሙላት በሕዝቡ መሀል፣ ያ በሌንሱ ያየሁት ሰው ሊያዞር እንደነበረው፣ ፊቱን ሲያዞር ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይቆጠራል። እንዲህ አድርጎ የሚያቀርበው ሌንስ የማን እንደሆነ እኔ አወቅኩ። ሙላትን ወስደው ገደሉት፣ ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም።

ካሣን ገበያ ላይ አገኘሁት።

"በእናቴ ልጅ ላይ እንዲህ ለማድረግ እንዴት አስቻለህ?"

ይክዳል ብዬ ነበር፣ አልካደም። "ሌንሱን የመረጥክልኝ አንተ፣ የነገርከኝም አንተ" ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ።

ለእናቴ መናገር አቃተኝ። ካሣ በየእሑዱ ሊያጽናናት ይመጣል፣ እሷም ትመርቀዋለች። ግን በሩ ላይ በደረሰ ቁጥር፣ "አብሮህ የመጣውን፣ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመውን ሰው ምነው ውጭ ታቆመዋለህ? ግባ በለው እንጂ" ትለዋለች። እኔ ወጥቼ አያለሁ፣ ማንም የለም።

ካሣ ግን አንድም ቀን ወደ ኋላው ዞሮ አላየም።