ከስቶር የወጣው ፕሪንተር

የሠራተኛዋ የአፀደ አስከሬን ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር ተዘርግቷል። አጠገቧ ኬብሉ የተላጠ ፕሪንተር አለ። ጊዜው ሰኔ 1999፣ ቦታው ቦንጋ፣ ቤቱም አቶ ልዑልቃል የከፈቱት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ነው።

«ተማም ነው የገደላት!» አሉ ልዑልቃል ወደ ጥገና ባለሙያው እየጠቆሙ። «ትናንት እሱ የጠገነው ፕሪንተር ነው የጨረሳት!»

«ወላሂ ኬብሉ ደህና ነበር!» አለ ተማም በንዴት።

ኢንስፔክተር ምሥራቅ የሟቿን እጅ ገለጥ አድርጋ አየች። መዳፏን አቋርጦ የጣት ስፋት ያለው ቃጠሎ አለ። የኬብሉ ሽቦ ግን እንደ ክር የቀጠነ ነው። ዞር ስትል የብረት ቁምሳጥን አየች፤ እጀታው የጣት ስፋት አለው። ከጀርባው አዲስ የተቆረጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተንጠልጥሏል።

«ሐኪሙ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ሞታለች ብሏል። ያኔ የት ነበራችሁ?»

«ሱቄ» አለ ተማም።

«ሺሺንዳ ከተማ፣ ተማሪዎቹን ለፈተና ይዤ» አለች አሠልጣኟ ብርቅዬ ዓይኗ ደም ለብሶ። «ትርፍ ዕቃ የምናስቀምጥበት የስቶሩም ቁልፍ ከእኔ ጋር ነበር።»

«ሌላ ቁልፍ ማን ዘንድ አለ?»

«ጋሽ ልዑልቃል ዘንድ ብቻ።»

«እኔ እስከ ሰባት ሰዓት ከቢሮዬ አልወጣሁም!» አሉ ልዑልቃል።

ምሥራቅ ስቶሩን አስፈተሸች፤ ተማምንም ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጣ ማሽኑ የመዘገበውን አብራው አነበበች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ማንኛውም ዕቃ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ማንነቱን ይጠይቀዋል። ዕቃው የአምራቹን፣ የሞዴሉንና የራሱን መለያ ቁጥር ይናገራል። ኮምፒውተሩ ለሞዴሉ የሚስማማውን ድራይቨር የተባለ ማገናኛ ፕሮግራም ፈልጎ ያገናኘዋል፤ ቁጥሩን አይቶት የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን ይመዘግባል። ይህን ፕሪንተር ያወቀው ዛሬ አምስት ሰዓት ከሩብ ነው። አፀደ ከሞተች በኋላ! ተማም የጠገነው፣ በሞዴል የሚመሳሰለው፣ ኬብሉ ደህና የሆነው ፕሪንተር ስቶር ውስጥ ተገኝቷል። አፀደን የገደላት ሽቦ ነክቶት ኤሌክትሪክ የያዘው ቁምሳጥን ነው። ሽቦውን ቆርጠው፣ ፕሪንተሩን ከስቶር ባወጡት ለውጠው በሰው ያላከኩት፣ ጋሽ ልዑልቃል፣ እርስዎ ነዎት። አንዱ ቁልፍ ሺሺንዳ ስለነበር፣ ስቶሩን መክፈት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

«ስገባ... ወድቃ ነው ያገኘኋት» አሉ ልዑልቃል ድምፃቸው ሰልሎ።

ብርቅዬ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ቁምሳጥኑ ይነዝራል ብላ ሦስት ጊዜ ነግራሃለች! ሦስት ጊዜ! ወድቃ ስታገኛት ሰው ጠራህ? ትንፋሿን እንኳ አዳመጥክ? ፕሪንተር ነው የተሸከምከው!»

ልዑልቃል አንገቱን ደፋ።